አለቃ ልመርጥ ጮቄ የወጣሁበት ሳምንት

ይህን የምጽፈው ጮቄን ከሩቅ አይተው «ዛሬ ደመና ለብሷል» ብለው ወደ ሥራቸው ለሚመለሱ ሰዎች ነው። እኔም አምሳ ዓመት ሙሉ እንደዚያው ነበርሁ። ከአገሬ ከአማኑኤል ሆነው ሲያዩት ተራራው ሰማያዊ ነው፤ ሲደርሱበት ግን ጭቃ ነው። ይህችን እውቀት ለማግኘት ሰባት ቀን፣ አንድ ደህና ጋቢና የግራ ጉልበቴን ከፍያለሁ።

ዘመኑ ጣልያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ሠርቶ የተቀመጠበት ነው። የኛ ደብር ልጆች ከተራራው ሥር ከሚኖሩት ከሲናን ልጆች ጋር ተቀላቅለው፣ አርባ ያህል ይሆናሉ፣ ጮቄ ላይ ሸፍተው ነበር። ልጄ ዓለሙም እዚያው ነው። አለቃቸው ሽማግሌው ግራዝማች ሞቱ፤ ጥይት ሲፈልጋቸው ከርሞ ሲያጣቸው ብርድ አገኛቸው። እሳቸው በሞቱ በሳምንቱ ጓዱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ግማሹ «ልጅ አምሳሉ ይምራን» አለ፤ ግማሹ «ቢተው ይምራን» አለ። እስከ እሑድ ድረስ አንድ ሰው ካልተሾመ፣ አንደኛው ወገን ወርዶ ለጣልያን ሊገባ ዝቷል። የገባ ሰው ደግሞ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ጠመንጃ ይሰጠውና ወደዚያው ተራራ ይመለሳል። ልጄ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የአክስቱ ልጅ ግን ከሌላው ወገን መሆኑን ሰምቻለሁ። አንድ ቤተሰብ ሁለት ሬሳ እንዳይቀብር የፈራሁት ለዚህ ነው።

ግራዝማች ከመሞታቸው በፊት የቀንድ ዋንጫቸውን ለደብሩ ሽማግሌዎች ልከው ነበር። ቃላቸውም «ሽማግሌ መርጦ ያጠጣ፤ ከዚህ ዋንጫ መጀመሪያ የጠጣው አለቃ ነው» የሚል ነው። እንግዲህ ዋንጫውን ማን ይዞ ይውጣ?

«መኩሪያ ይሂድ» አሉ መሪጌታው ጉባኤው ሁሉ እየሰማ። ደረቴን ነፋ አደረግሁ። መሪጌታው ግን አልጨረሱም ነበር። «መጥፎ ሹመት ምን እንደሚመስል ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።»

እውነታቸውን ነው። በኛ አገር ጭቃ ሹምነት በየዓመቱ ከቤት ወደ ቤት በተራ ይዞራል፤ አንድ ዓመት ለኔም ደረሰኝ። ያን ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ላሠራ ጉብታ ላይ ቆሜ ሦስት ቀን ጮኽሁ። ሰው ሁሉ «እሺ» አለኝ። የጎጃም እሺ እንዴት ያለ እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በሩ አይዘጋም፣ ሰውም አይወጣም። በሦስተኛው ቀን የመጡልኝ ሁለት ውሾች ናቸው፤ አንዱም የራሴ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ሴቶቹ እልል አሉ። ለአዲሱ ሹም መግባት መስሎኝ ነበር፤ ላንተ መውጣት ነው ያለችኝ ባለቤቴ ናት።

ሰው ትምህርት የሚያበዛው ባቃተው ሥራ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ አለቃ ሳስብ ኖሬ ሦስት ምልክት አውጥቻለሁ። አለቃ በአጥንቱ ይወለዳል። አለቃ በቁመቱ ከሩቅ ይታያል። አለቃ በድምፁ ያስደነግጣል። እኔ የደሀ ልጅ፣ አጭርና ቀጭን ድምፅ ያለኝ ነኝና ውድቀቴን ሁሉ በነዚህ ሦስቱ አሳብቤ በሰላም እተኛ ነበር። ልጅ አምሳሉ ሦስቱንም አሟልቷል። ስለዚህ ከቤቴ ሳልወጣ በልቤ ሾሜዋለሁ፤ የቀረኝ መንገዱ ብቻ ነበር።

ሰኞ ማለዳ ተነሣን። የሚመራኝ ከጓዱ የተላከ፣ ደምሴ የሚባል የሲናን ሰው ነው። አጭር፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ምላሱም የተያዘ፤ አንዲት ቃል ለማውጣት እንደ ምጥ ያስጨንቀዋል። በሰላሙ ጊዜ የማኅበራቸው ሙሴ ነበር። ሙሴ ማለት ሌላው ተቀምጦ ሲበላ ቆሞ የሚያስተናግድ፣ ዳቦውን የሚያካፍል፣ ጥል ሲነሣ መሐል የሚገባ ሰው ነው። ጮቄ ላይም ያው ስንቅ ያካፍላል፣ ጠላ ይቀዳል። እኔም እንደ አሽከር ቆጠርሁት። ስንቄን አሸከምሁት፣ በቅሎዬን አስያዝሁት። የበቅሎዬ ስም እመቤት ነው፤ ማንንም ስለማትሰማ ነው ያወጣንላት።

መንገዱን ሙሉ ስለ አለቅነት አስተማርሁት።

«ስማ ደምሴ፤ አለቃ መንገድ አይጠይቅም። ከጠየቀ ተከታዩ ይጠራጠራል።»

«እ... እሺ» ይላል።

«አለቃ ቀድሞ ይበላል፤ ቢርበው ያዘዘው ሁሉ ይበላሻልና።»

«እ... እሺ።»

እንዲህ ያለ ጥሩ ተማሪ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ማታውን ደብረ ማርቆስ ሀጂ ኑርዬ ቤት አደርን። ሀጂ በደግ ዘመን አባይን እየተሻገሩ ጨው ያመጡ የነበሩ ሲራራ ነጋዴ ናቸው። ከሳቸው ቤት ሥጋ እንደማንበላ ያውቃሉና ጎረቤታቸውን ክርስቲያኗን ሴት አስጠርተው በራሷ ድስት ወጥ አሠርተው አቀረቡልን። በልተን እስክንጨርስም በር ላይ ተቀምጠው ዝንብ ይከላከሉልን ነበር። እኔ አማኑኤል ላይ እስላም እንግዳ ሲመጣብኝ ቆሎ ቆንጥሬ ሰጥቼ «አጋጣሚ ሆኖ ነው» እላለሁ። አፈርሁ፤ ቢሆንም ሁለት ጊዜ አስጨመርሁ።

ሦስቱን ምልክቶቼን ስነግራቸው ሀጂ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«አያ መኩሪያ፣ እኛ ስንነግድ አለቃችን አንድ ሰው አልነበረም። አባይ ዳር ስንደርስ ዋና አዋቂው ያዛል፤ ሀብታሙም ቢሆን ባዕድ ቤት እንደገባ ዶሮ ዝም ይላል። ሽፍታ ሲመጣ ተኳሹ ያዛል። ገበያ ስንደርስ ምላስ ያለው ያዛል። ቦታው ነው የሚሾመው።»

«ታዲያ መቼ ማን እንደሚያዝ የሚወስነው ማነው?» አልኋቸው፣ ያሸነፍሁ መስሎኝ።

ሀጂ ሳቁና ወደ ደምሴ ዞሩ። «እሱን ጠይቀው፤ እሱ ያውቃል።» ቀልድ መሰለኝ፤ እኔም ሳቅሁ።

ማክሰኞ ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ አቆሙን። ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ጣልያን መቶ አለቃ አለ፤ ከጎኑ አስተርጓሚ ቆሟል። ደምሴ ከነስንቁ አንገቱን ደፋ። እኔ ወሬ አዘጋጅቻለሁ።

«ወዴት ነው?» አለ አስተርጓሚው።

«ሮብ ገበያ። በቅሎ ልገዛ።»

«በቅሎ አለህ አይደለም እንዴ?»

መልሱን የሰጠችልኝ እመቤት ናት፤ ኬላው መሐል ላይ ዘርጋ ብላ ተኛች። መቶ አለቃው ከወንበሩ ተነሥቶ መጣ። ለካ የበቅሎ ጭነት ኃላፊ ኖሯል። አፏን ከፍቶ ጥርሷን አየ፣ አንድ ነገር አለ፣ ወታደሮቹ ሳቁ።

«ከአባቴ ትበልጣለች ይልሃል» አለኝ አስተርጓሚው።

ስልቻውን ሲፈትሹ ዋንጫው ወጣ። «ግዢው ሲያልቅ ገዢና ሻጭ የሚጠጣበት ነው» አልሁ። መቶ አለቃው አሸተተው፣ ፊቱን ኮሶ እንደጠጣ አጨማደደና መለሰልኝ። ከዚያ ለቀቀኝ ስል ሰውዬው ጨዋታ አማረው።

«እንዴት ያለች በቅሎ ነው የምትፈልገው ይልሃል።»

እኔም የማውቀውን ተናገርሁ። «ዘሯ የታወቀ፣ ቁመቷ ረጅም፣ ድምጿ የሚያስፈራ።»

መቶ አለቃው ልጁ ሲያጠፋ እንዳየ አባት ራሱን ነቀነቀና እጁን እያወናጨፈ ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው አሳጠረው። «ተሞኝተሃል ይልሃል። ዕድሜዬን በሙሉ በቅሎ ስነዳ ነው የኖርሁት ይልሃል። ሜዳ ላይ ፊት ፊት የምትሄደውን አትግዛ። ወንዝ አፋፍ ላይ ፍርሃት ሲመጣ፣ ሌሎቹ ጆሯቸውን ወደ ማን ያዞራሉ? እሷን ግዛ። ብዙ ጊዜ ጭነት ተሸካሚዋ ናት፤ መልኳም አያምርም ይልሃል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልሁ፤ በልቤ ግን «አገራችንን ሲወስዱ አንሶ በቅሎ ሊያስተምሩን ነው» እላለሁ። እስከ እሑድ የሚያገለግል የይለፍ ወረቀት ሰጠኝ። እመቤትን ለማስነሣት አራት ወታደር ገፍቶ አቃተው። ደምሴ ሄዶ ጆሮዋ ሥር አንድ ነገር ሊላት ጀመረ፤ ቃሉን ሳይጨርስ ተነሣች።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ደምሴ አፉን ከፈተ። እኔ ግን አለቃ መንገድ አይጠይቅምና በቀኙ ገሠገሥሁ። ገደል ወረድሁ፣ ገደል ወጣሁ፣ ሁለት ወንዝ ተሻገርሁ፤ ሁለተኛው ያው የመጀመሪያው ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ ሰው መንታ መንገድ ላይ ተቀምጦ ባቄላ ሲጠብስ አየሁ። ደምሴ ነው። ዞሬ እዚያው መጥቻለሁ።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ል... ልነግርዎ ስ... ስጀምር ሄዱ» አለና ባቄላውን በቅጠል አድርጎ አቀረበልኝ። በደንብ በስሏል። ስንት እንደምቆይ ገምቶ ነው የጠበሰው መሰለኝ። ያን ቀን አንድ ገበሬ ጭድ ቤት ውስጥ አደርን፤ ጭዱ የገብስ ነው፣ ይዋጋል። የኛ የጤፍ ጭድ ለስላሳ ነው። ይህንን ለገበሬው ነገርሁት። «እንግዲያው ሲመለሱ ይላኩልን» አለኝ።

ሮብ ዕለት ሮብ ገበያ ደረስን፤ ገበያው ቆሟል። የኛ ገበያ ቀይ ነው፤ በርበሬ ነው ቀለሙ። የዚያ ገበያ ግራጫ ነው፤ ገብስ፣ የበግ ጠጉር፣ ድንች፣ ሰዉም በዳባ ተጠቅልሎ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ጾም ነውና ጠላ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ቁጭ ብዬ ጠላውን በዓይኔ ጠጣሁት። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ ሲባል በረዶ ወረደ፣ ጣራው አፈሰሰ፣ ጠላዬ ላይ ውኃ ጨመረበት። ጠላ ሻጯን ሴትዮ ቀጠነ ብላት «ሰማዩን ይክሰሱ» አለችኝ።

ከገበያው በላይ እመት ጥሩዬ የሚባሉ ባልቴት ቤት አደርን። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹን ሰው፣ ግማሹን ጥጆች ይዘውታል። ምድጃ አጠገብ ያለውን መደብ ለኔ ለቀቁና እሳቸው ጥጆቹ ጋ ሄዱ። ብከላከል ጊዜ «ጥጆቹ ከርስዎ ይሞቃሉ፤ አያንኮራፉምም» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁብኝ አላውቅም። ድንች በተልባ በላን። አማኑኤል ላይ ድንች የሚበላው ሌላ ሲጠፋ ነው፤ እዚያ ግን ዐምስት በላሁ።

ራት ሳይነሣ የመንደሩ ሰዎች ይመጡ ጀመር። አንዱ ድንበሩን ተገፍቷል፣ አንዱ ሚስቱ ሄዳበታለች፣ ሁለት ወንድማማቾች በበሬ ተጣልተዋል። የታወቅሁ ሰው መሆኔን ገና ያን ጊዜ አወቅሁ። ጋቢዬን አስተካክዬ ለያንዳንዱ ረዘም ያለ ፍርድ ሰጠሁ። በትሕትና አዳመጡኝ። ስጨርስ ግን ሁሉም ደምሴን ያያሉ። እሱ ራሱን ነቅነቅ ሲያደርግ ተነሥተው ይሄዳሉ። እንዴት ያለ ጥሩ አሽከር ነው፣ እንግዳ ያሰናብትልኛል ብዬ አመሰገንሁት።

እመት ጥሩዬ ድንች እየላጡ «አለቃ ሊመርጡ ነው የሚወጡት አሉ» አሉኝ። «እኔ እንኳ አንድ ነገር ነው የማውቀው። ድግስ ላይ መጨረሻ የሚበላውን ሰው እዩት። የተራበ ሆኖ ያልቸኮለ እሱ ነው።»

«እመት ጥሩዬ፣ እኔ ራብ አልችልም» አልሁ።

«አይቻለሁ» አሉና ስድስተኛውን ድንች ሰጡኝ።

ሐሙስ ተራራውን ወጣን። ጭጋጉ ከመውፈሩ የተነሣ የእመቤት ጆሮ አይታየኝም። ጥቂት እንደሄድሁ ከፊቴ አንድ ረጅም ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ አየሁ፤ ራሱ ላይ የአንበሳ ጎፈር የመሰለ ነገር አለው። ልጅ አምሳሉ ሊቀበለኝ ወጣ ብዬ ከበቅሎ ወረድሁ። ጭቃው ውስጥ ለጥ ብዬ እጅ ነሣሁ። «ጌታዬ እንዴት ከረሙ?» ዝም አለኝ። የኩራቱ ነገር ደስ አለኝ፤ አለቃ እንዲህ ነው። ሁለተኛ ጊዜ እጅ ስነሣ ጉልበቴ ቋ አለ።

«ጅ... ጅ...» አለ ደምሴ ከኋላዬ።

«ልጅ አምሳሉ ናቸው፣ ዝም በል!»

«ጅ... ጅብራ ነው።»

ጅብራ የሚባለውን የማታውቁ እወቁት፤ በኛ አገር አይበቅልም። ሰው የሚያህል፣ ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ከላይ ቅጠል የተጎናጸፈ ተክል ነው። ደምሴ አንድ የደረቀ ግንድ አንሥቶ አሳየኝ፤ ውስጡ ባዶ ነው። እረኞች እንደ መለከት ይነፉታል አሉ። ስለዚህ ነገር ለማንም እንዳይናገር ለመንሁት። «እሺ» አለኝ። ለመናገርም ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል ብዬ ተጽናናሁ።

ሰፈራቸው ከአንድ ዋሻ አጠገብ ነው። አርባው ሰው ሁለት እሳት አንድዶ፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጧል። ልጅ አምሳሉ በእርግጥም ጅብራ ያህላል፤ ድምፁ ከዋሻው ወጥቶ ይመለሳል። ቢተው ደግሞ ትከሻው ሰፊ፣ ቁጡ፣ በሦስት ቦታ የቆሰለ ጀግና ነው። ሁለቱም ሳሙኝ፤ ሁለቱም «ያለኔ ይጠፋሉ» ብለው ጆሮዬ ላይ ነገሩኝ። ልጄን ፈለግሁት። ከስቷል፣ ሸማው አልቋል፣ የተቀመጠውም ከቢተው እሳት ነው። የአክስቱ ልጅ ማዶ፣ ከአምሳሉ እሳት ነው።

«ዓለሙ፣ ለማን ልስጠው?»

«አባዬ፣ እንደ ፍጥርጥሩ። ለአምሳሉ ከሰጡት ግን እኔ እወርዳለሁ።»

«ወርደህስ?»

ጠመንጃውን ይወለውላል። ያን ጊዜ ነው ጮቄ የበረደኝ።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰበሰበ። በቀኝ አምሳሉና ወገኑ፣ በግራ ቢተውና ወገኑ፣ መሐል እኔ ድንጋይ ላይ። ሌሊቱን ስገለባበጥ አድሬ ቆርጫለሁ፤ ልጄ ቢወርድም እመክረዋለሁ፣ ለአምሳሉ እሰጣለሁ። ምን ላድርግ፣ ትምህርቴ እሱን ነው የሚለው። ስለ አጥንት፣ ስለ ቁመት፣ ስለ ድምፅ ረጅም ንግግር አደረግሁ፤ በዚያች ቀጭን ድምፄ። ልጅ አምሳሉ ቀስ በቀስ ረዘመ። የቢተው ወገን ቀስ በቀስ ወደ ጠመንጃው ተጠጋ።

ንግግሩ ሲያልቅ ዋንጫውን አወጣሁ። ባዶ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እንደለመድሁት ሳላስብ «ደምሴ፣ ቅዳልኝ» አልሁ።

ደምሴ ከማሰሮው ቀዳና ይዞልኝ መጣ። እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን ዋንጫውን ዘንበል አድርጎ በመዳፉ አንድ ጉንጭ አፈሰሰና ጠጣ። አሳላፊ ከመስጠቱ በፊት ይቀምሳል፤ ከነገሥታት ግብር ጀምሮ እስከኛ ሠርግ ድረስ መርዝ እንዳይኖርበት እንዲሁ ነው። ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሺህ ጊዜ ያየሁትን ያን ቀን ረሳሁት።

ከዚያ ቢተው «ጠጣ!» ብሎ ጮኸ።

«በመዳፉ ነው የጠጣው!» አለ ልጅ አምሳሉ።

«ከዋንጫው ነው የመጣው!»

«ዋንጫውን ከንፈሩ አልነካውም!»

«ግራዝማች ስለ ከንፈር ምን አሉ?»

እንዲህ ያለ ክርክር ያለ ሕግ አዋቂ አይጀመርም፤ እነሱ ግን ጀመሩት። አንዱ አንዱን ገፋ። ሰይፍ ወጣ። ጠመንጃ ቀጭ ቀጭ አለ። ልጄ ተነሣ፤ የአክስቱም ልጅ ከማዶ ተነሣ፤ አፈ ሙዛቸው ተያየ። እኔ ድንጋዩ ላይ እንደ ጭቃ ሹም ዘመኔ እጄን ዘርግቼ እጮኻለሁ። እሺ የሚለኝ እንኳ አልነበረም።

ደምሴ መዳፉ እንደራሰ መሐላቸው ቆመ። «ተ... ተ...» አለ።

ነገሩን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። አርባው ሰው ቀጥ አለ። ሁሉም ፊቱን ወደ ደምሴ አዞረ። ቃል ምጥ ላይ ሳለ የሚተኩስ ሰው የለም፤ ግን ምክንያቱ ይህ ብቻ አይመስለኝም። አምሳሉም ያየው ደምሴን ነው፤ ቢተውም ያየው ደምሴን ነው፤ ልጄም ዓይኑን ከአፈ ሙዙ አንሥቶ እሱኑ አየ። ያን ጊዜ የመቶ አለቃው በቅሎዎች ትዝ አሉኝ፤ አርባ ጥንድ ጆሮ ወደ አንድ ጭነት ተሸካሚ ዞሮ።

«ተ... ተ... ተቀመጡ» አለ። ቃሉ ሲያልቅ የቆመ ሰው አልነበረም። እኔም ድንጋዩን ስቼ ጭቃው ላይ ተቀምጫለሁ።

ተነሣሁና ጭቃዬን አራገፍሁ። «ሽማግሌ የመረጠው ይኸው ነው» አልሁ፣ ከቤቴ አስቤው እንደመጣሁ ሰው። «ዳቦውን ማን ያካፍላችኋል? ስትጣሉ ማን ያስታርቃችኋል? ስትደነግጡ ማንን አያችሁ?»

ደምሴ «እ... እ... እም...» አለ። እምቢ ሊል ነበር መሰለኝ፤ እስኪጨርስ ግን ማንም አልጠበቀውም። ዋሻው በእልልታና በፉከራ ተሞላ።

ልጅ አምሳሉ ሰይፉን ወደ አፎቱ መለሰ። ከዚያ «ምን አደርጋለሁ፣ ራት ሲደርስ ዱሮም የማየው እሱን ነው» አለ። ቢተው ሳቀ። ከተሰነጠቁ ወዲህ የሁለቱ ወገን ሳቅ የተቀላቀለው ያን ጊዜ ነው። ደምሴም የመጀመሪያ ትእዛዙን ሰጠ። እንግዳ ሲመጣና ደብዳቤ ሲነበብ አምሳሉ ፊት ይቁም፤ ውጊያ ሲሆን ቢተው ፊት ይሂድ። ሀጂ ኑርዬ ያሉት ቃል በቃል ነው። ይህን ለመናገር የፈጀበት ጊዜ ድንች ያበስላል፤ ማንም አላቋረጠውም።

ማታውን ሁሉም ከአንድ እሳት በላ። ደምሴ መጨረሻ በላ። የተረፈው ትንሽ ነበር፤ እኔም ስድስት ድንች የበላሁበትን ሆዴን በጋቢ ሸፈንሁት። ከዚያ ጠራሁትና «ለምን አልነገርኸኝም? አራት ቀን ሙሉ ስለ አለቅነት ሳስተምርህ!» አልሁት።

ረጅም ጊዜ ወሰደበት። «ያ... ያምርብዎታል» አለኝ።

የደብሬ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ በዘዴ ያደረግሁት ይመስላቸዋል። «መኩሪያ እኮ ቅምሻውን ዐውቆ ነው» ይላሉ። እውነቱን እዚህ ጻፍሁት፤ ረስቼው ነው። ከሠራሁት ሁሉ አንድ ደህና ሥራ የስሕተቴ ነው።

ቅዳሜ ልጄ እስከ ጅብራዎቹ ድረስ ሸኘኝ፤ የአክስቱ ልጅም አብሮት መጣ። ሁለቱም በአንዲት ቁራጭ ሸማ ተጠቅልለዋል። የሚናገሩት ነገር አጥተው ስለ በቅሎዬ ዕድሜ ይከራከራሉ። ጋቢዬን አውልቄ ለልጄ አለበስሁት። «አባዬ፣ እርስዎስ?» አለኝ። «እኔ ወደ ቆላ ነው የምወርደው» አልሁት። አማኑኤል ቆላ ተብሎ አያውቅም፤ እመት ጥሩዬ ቤት እስክደርስ ድረስ ጥርሴ ሲፋጭ ነበር። ባልቴቷ እንዳዩኝ ምንም ሳይጠይቁ ዳባ አለበሱኝ። ያን ሌሊት እኔ ራሴ ለምኜ ጥጆቹ ጋ ተኛሁ። እውነታቸውን ነው፣ ይሞቃሉ።

እሑድ ሊመሽ ሲል ኬላው ደረስሁ፤ ወረቀቴ ሊያልፍበት ሰዓታት ቀርተውታል። መቶ አለቃው ከሩቅ አወቀኝ። እኔን ሳይሆን እመቤትን ነው ያወቃት።

«አዲሲቱ በቅሎስ የት አለች ይልሃል።»

«አግኝቻለሁ።»

«ታዲያ የታለች?»

«ተራራው ላይ ትቻት መጣሁ። ሌሎቹ ያለሷ አንንቀሳቀስም አሉ።»

አስተርጓሚው ሲነግረው መቶ አለቃው ጭኑን መታ፤ ደስታው ወሰን አጣ። ትከሻዬን ጨብጦ ነቀነቀኝ።

«ምክሬን ሰምተሃል ይልሃል። እንዲህ ያለችዋ ረጅም ጊዜ ታገለግላለች ይልሃል።»

አገለገለችን። መቶ አለቃው ከነጓዙ ከነበቅሎው ደብረ ማርቆስን ጥሎ እስኪሄድ ድረስ አገለገለችን። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ልጄና የአክስቱ ልጅ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ከደጄ ደረሱ። ልጄ ጋቢዬን ለብሷል፤ ተቀዳዷል፣ ተቃጥሏል፣ ግን ጋቢዬ ነው። መልስልኝ አልሁት። እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም፤ በጠየቅሁት ቁጥር «እሺ» ይለኛል።